ተራራው ጫፍ መድረስ የጉዞው ግማሽ ነው



የእረፍት ቀን ሲመጣ ቦርሳቸውን አዝለው ወደ እንጦጦ፣ ወደ ወንጪ፣ ባስ ሲልም ለብዙ ቀናት ወደ ሰሜን ተራሮች የሚጓዙ ወጣቶች በዝተዋል። እንደ ሐኪም ደስ ይለኛል። ወላጆች፣ «ትወድቃለህ፣ አትሂድ» ከምትሉ «እንዴት ነው የምትወርደው?» ብትሉ ይሻላል ባይ ነኝ።

ለምን መውረዱ? ዳገት ስንወጣ ትንፋሽ ስለሚያጥረን ቆም ብለን እናርፋለን። ቁልቁለት ላይ ግን ትንፋሽ ስለማያስቸግረን ያልደከመን ይመስለናል። በዚያ ሰዓት የጭናችን ጡንቻ የእኛንም የሸክሙንም ክብደት በየእርምጃው እንደ ፍሬን ይዞ ነው የሚያወርደን። እሱ ሲዝል ጉልበት ይከዳል፣ ቁርጭምጭሚት ወለም ይላል።

ስለዚህ፦

✅ ሸክማችሁ ከክብደታችሁ አንድ አምስተኛ አይብለጥ። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ውሃውን ጨምሮ ከ12 ኪሎ በላይ አይያዝ። ከባዱን ዕቃ ወደ ጀርባችሁ አስጠጉት።

✅ አዲስ ጫማ ለጉዞ ቀን አታስመርቁ፤ አስቀድማችሁ ተለማመዱት። ቁልቁለት ከመጀመራችሁ በፊት ክሩን አጥብቁ።

✅ ዱላ ያዙ። የሽማግሌ ነገር አይደለም፤ የጉልበትን ጫና ይቀንሳል፣ ሚዛንም ይጠብቃል።

✅ የመመለሻ ሰዓት ቁረጡ። አገራችን ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ጫፉ ባይደረስም ሰዓቱ ከደረሰ ተመለሱ። ባትሪም ይኑራችሁ።

✅ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ እንደ ሰከረ ሰው የሚንገዳገድ ጓደኛ «ደክሞት ነው» ተብሎ አይታለፍ። ሳይውል ሳያድር፣ ከሰው ጋር ወደ ታች ይውረድ።

ከወደቃችሁስ? ትልቁ ጥፋት ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከውድቀቱ በኋላ ነው። ያበጠን እግር አትሹ፣ አትጎትቱ። እንዳለ በእንጨትና በጨርቅ ደግፋችሁ፣ ሳታጠብቁ እሰሩት። አንገቱን ወይም ጀርባውን ያመመውን ሰው ካለበት አታንቀሳቅሱ፤ እርዳታ ጥሩ። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚደነዝዘው ወይም የሚዘባርቅ ከሆነ በቶሎ ሆስፒታል ይድረስ።

ወጌሻን በተመለከተ ብዙዎች ቅር እንደሚላቸው አውቃለሁ፤ ግን መናገር አለብኝ። የተሰበረ እግር በቀርከሃ ተጠፍሮ ሲታሰር ደም መዘዋወር ያቆማል፤ ሥጋው ይሞታል፤ በስብራቱ ሳይሆን በማሰሪያው ምክንያት እግር ይቆረጣል። መጀመሪያ ራጅ ተነሱ። የታሰረ እግር ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ፣ ከጠቆረ ወይም ሕመሙ ከባሰ «ሲድን ነው» አትበሉ። ማሰሪያውን ወዲያው ፍቱና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ጉዳዩ የሰዓታት ነው።

ልጆቻችን ይውጡ፣ አገራቸውን ይዩ። በሁለት እግራቸው ይመለሱ።

ለሚጓዝም፣ ቤት ሆኖ ለሚጨነቅም አጋሩት። መልካም ጉዞ!