አዲሶቹን መምህራን ለማን እናስተዋውቃቸው?

የሕክምና ኮሌጆች አዳዲስ መምህራንን ሲቀበሉ የአቀባበሉ ሥርዓት በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው። ስም ይጠራል፤ የተማሩበት አገርና የያዙት ዲግሪ ይነበባል፤ ይጨበጨባል፤ ሻይ ተጠጥቶ ይበተናል። እኛም በውጭ አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን ፈጽመን ስንመለስ የተደረገልን አቀባበል ይኸው ነበር። ምን ስንለካ እንደቆየን የጠየቀን ሰው አልነበረም። ለፊዚክስ መምህር ይህ ብዙ ላይጎዳ ይችላል። የኅብረተሰብ ጤና መምህር ግን ቤተ ሙከራው ሕዝቡ ራሱ ስለሆነ፣ ለሥራ ባልደረቦቹ ብቻ ተዋውቆ ከቀረ ገና ከቤተ ሙከራው ደጃፍ አልገባም ማለት ነው።

ውድ አንባብያን፣ የፊዚክስ መምህር በዚህ ጉዳይ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የሚያገናኘን መለካት ነው። ጊዜው ሳይታወቅ የተነገረ ርቀት ፍጥነትን እንደማይገልጽ ሁሉ፣ የሕዝቡ ቁጥር ሳይታወቅ የተነገረ የሟቾች ቁጥርም የጤናን ሁኔታ አይገልጽም። ለምሳሌ በአንድ ቀበሌ በዓመት 6፣ በሌላው 12 ሕፃናት ሞቱ እንበል። ሁለተኛው የባሰ ይመስላል። ነገር ግን በመጀመሪያው 200፣ በሁለተኛው 800 ሕፃናት ተወልደው ከሆነ፣ ሞቱ በመጀመሪያው ከሺህ 30፣ በሁለተኛው ከሺህ 15 ነው። ጤና ጣቢያ የሚመዘግበው የመጣለትን ሰው ነው። ያልመጣውን የሚያውቀው ቤት ለቤት የሄደ ብቻ ነው።

የዚህ ሥራ ታላቅ ምሳሌ ከወልቂጤ ሩቅ አይደለም። በ1979 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራ አካባቢ ዘጠኝ የገጠርና አንድ የከተማ ቀበሌ መርጦ ነዋሪውን ቆጠረ። ከዚያም መረጃ ሰብሳቢዎች ልደትን፣ ሞትን፣ ጋብቻን፣ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ ለረጅም ዓመታት መዘገቡ። ሐኪም ሳያየው በቤቱ የሞተ ሰው ሲኖር፣ ቤተሰቡን በጥንቃቄ በመጠየቅ የሞቱን ምክንያት ለመለየት ተሞከረ። በዚህ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ኢትዮጵያውያን ምሁራን ለዶክትሬት በቅተዋል። ኋላም በዚያው አካባቢ ከ68 ሺህ በላይ ጎልማሶችን ያካተተ የአእምሮ ሕመም ጥናት በተካሄደ ጊዜ፣ ከተገኙት ሕሙማን ብዙዎቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው እንደማያውቁ ታወቀ። እነዚህን ሰዎች የትኛውም የሆስፒታል መዝገብ ሊያሳየን አይችልም ነበር።

መምህሩ የተቀጠረው ለማስተማር ነው፤ የመኪናውና የውሎ አበሉ ወጪስ ከየት ይመጣል የሚሉ አይጠፉም። ወጪው እውነት ነው። ሆኖም የአካባቢውን ሕዝብ የማያውቅ መምህር ከሌላ አገር መጽሐፍ የተቀዳ አኃዝ ከማስተማር በቀር ምን ምርጫ አለው? «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» እንዲሉ፣ ለዚህ አካባቢ ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ከዚሁ አካባቢ የተሰበሰበ መረጃ ነው። ስለዚህ እንደ እኛ እምነት፣ ከሻዩ ሥርዓት ማግስት አንድ ቀን ተመድቦ አዲሱ መምህር በጀፎረው በኩል ወደ መንደር ይዝለቅ። የአገር ሽማግሌዎችን፣ እናቶችንና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ይተዋወቅ። እነርሱም ለምን እንደመጣና ወደፊት ምን እንደሚጠይቃቸው ከራሱ አንደበት ይስሙ። ሰው ላላወቀው እንግዳ የልጁን ሞት በቀላሉ አይነግርምና።

እናንተም ተማሪዎች የበኩላችሁ ድርሻ አላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ አዲስ መምህር ሲተዋወቅ፣ ከጭብጨባው በኋላ እጃችሁን አንሥታችሁ «ምን ሊቆጥሩ አስበዋል? ከስንት ሰውስ መካከል?» ብላችሁ በአክብሮት ጠይቁ። መልስ ያለው መምህር በጥያቄያችሁ ደስ ይለዋል፤ መልስ የሌለውም ወደ መንደር የሚወጣበትን ቀን ማሰብ ይጀምራል።