«4ጂ ነው» ብሎ መሸጥ ይብቃ

በጎንደር ፒያሳ የሞባይል ሱቆች አንድ ስልክ የሚሸጠው በሦስት ጥያቄ ነው። ካሜራው ስንት ነው? ሚሞሪው ስንት ነው? ባትሪው ምን ያህል ይቆያል? ስለ ኔትወርክ የሚጠይቅ ጥቂት ነው፤ ለጠየቀውም መልሱ አንድ ነው። «4ጂ ነው!» ይባላል፤ ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል፤ ብር ይቆጠራል።

ገዢዋ ከከተማው ወጣ ብሎ በደባርቅ መንገድ ላይ የሚገኘው የወለቃ ነዋሪ ናት እንበል። ቤቷ ገብታ ስልኩን ስትከፍት አናቱ ላይ የምታየው ምልክት 4ጂ ሳይሆን «ኤች» ነው፤ ሲብስም «ኢ»። ጎረቤቷ በርካሽ ስልክ ቪዲዮ እያየ፣ የእሷ ውድ ስልክ አንድ ፎቶ መላክ ያቅተዋል። ወደ ሱቁ ስትመለስ «ኔትወርኩ ነው እማማ፣ ስልኩማ አንደኛ ነው» ትባላለች። ስለ ኔትወርኩ ስትጠይቅ ደግሞ «ምናልባት ስልክዎ ይሆናል» ይሏታል። ሻጭ በኔትወርክ፣ ኔትወርክ በስልክ ሲያመካኝ፣ ገንዘቧን የከፈለችው ሴት ብቻ መሀል ላይ ትቀራለች።

ይህ የአንድ ሱቅ ብልጠት ሳይሆን የገበያው አሠራር ነው። «4ጂ» የሚለው ቃል ብቻውን ስለ አንድ ስልክ የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። ስልኩ የሚይዘውን የሞገድ ባንድ ሳይናገሩ 4ጂ ብሎ መሸጥ ግማሽ እውነት መሸጥ ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ ሙሉ ዋጋ ሲከፈልበት ማታለል ይባላል።

ራዲዮን ያስታወሰ ይገባዋል

ነገሩ ለመሐንዲስ ብቻ የሚገባ ምሥጢር አይደለም። የአሜሪካ ድምፅን ወይም የጀርመን ድምፅን አማርኛ በአጭር ሞገድ ሲያዳምጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ኤፍኤም ብቻ የሚይዝ ራዲዮ የቱንም ያህል አዲስና ውድ ቢሆን አጭር ሞገድ አይስብም። ጣቢያው አልጠፋም፤ ራዲዮውም አልተበላሸም፤ የሚገናኙበት ሞገድ ነው የሌለው። ሞባይልም ያው ራዲዮ ነው። ማማው በአንድ ሞገድ ይናገራል፤ ስልኩ ያንን ሞገድ እንዲይዝ ተደርጎ ካልተሠራ ማማው ደጁ ላይ ቢተከልም አይሰማውም።

በኢትዮጵያ 2ጂ በተለይ በ900 ሜጋ ኸርዝ፣ 3ጂ በ2100 ሜጋ ኸርዝ ይሠራል። የኢትዮ ቴሌኮም 4ጂ ዋና ሞገድ 1800 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን፣ በዓለም አቀፍ አጠራሩ «ባንድ 3» ይባላል። 4ጂ በአዲስ አበባ የተጀመረው በመጋቢት 2007 ዓ.ም. ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በስፋት ወደ ክልል ከተሞች መዝለቅ ጀመረ። እንግዲህ ባንድ 3 የሌለው ስልክ፣ ካርቶኑ ላይ «4ጂ» ተብሎ በወርቅ ቀለም ቢጻፍበትም፣ ለዚህ ኔትወርክ ዋና የ4ጂ በር ባዕድ ነው። ለባለቤቱ ያ 4ጂ ላም አለኝ በሰማይ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ዝቅተኛ ሞገድ ሩቅ ይሄዳል፤ ግድግዳንና ጉብታንም በተሻለ ያልፋል። ከፍተኛ ሞገድ ብዙ ዳታ ይሸከማል፤ ግን ቶሎ ይደክማል። እንደ ሰሜን ጎንደር ባለ ገደልና ተራራ በሚበዛበት አገር ይህ ልዩነት ተራ ዝርዝር አይደለም። ከአንዱ ጋራ ጀርባ ስልክ የሚሠራው፣ ከሌላው ጀርባ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል።

ከውጭ የመጣ ሁሉ ወርቅ አይደለም

ወለቃ ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ማሳያ ናት። የመንደሯ ቤተ እስራኤላውያን፣ በተለይም በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ዘመቻዎች ዙሪያ፣ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በጎንደር ዛሬም ዘመዶቻቸውን ለመቀላቀል ተራ የሚጠብቁ ቤተሰቦች አሉ። ሌላው ጎንደሬ ደግሞ በአሜሪካ ወንድም ወይም እህት አለው። ስለዚህ ስልክ ከሁለቱም አገር ይመጣል፤ ሁለቱም «የውጭ ስልክ» ተብሎ በአንድ ዓይን ይታያል። በሞገድ በኩል ግን ሁለቱ አንድ አይደሉም።

እስራኤል በፈረንጆቹ 2014 4ጂን ስትጀምር የተጠቀመችው ይህንኑ የ1800 ሞገድ ነው። ስለዚህ ለዚያ ገበያ የተሠራ የ4ጂ ስልክ በአብዛኛው ጎንደር ላይም ይሠራል። አሜሪካ ግን ለ4ጂ የምትጠቀመው በ700፣ በ1900 እና በ1700/2100 ሜጋ ኸርዝ ዙሪያ ያሉ ባንዶችን ነው፤ ባንድ 3 እዚያ አገልግሎት ላይ የለም። ውድ የሆኑት አዳዲስ ስልኮች ለዓለም ሁሉ እንዲሆኑ ስለሚሠሩ ባንድ 3 ይጨመርባቸዋል። ለአሜሪካ ገበያ ብቻ ተሠርተው በቅድመ ክፍያ መስመር በርካሽ የሚሸጡት ግን ላይኖራቸው ይችላል። ወንድም ለእህቱ በፍቅር ገዝቶ የላከው ስልክ ጎንደር ሲደርስ 3ጂ ወይም 2ጂ ላይ የሚቀረው ለዚህ ነው።

የስልኩ ስም አንድ መሆኑም ዋስትና አይሆንም። በፈረንጆቹ 2012 የወጣው አይፎን 5 መልኩም ስሙም አንድ ነበር። ሞዴል ቁጥሩ ኤ1428 የሆነው ግን በ4ጂ በኩል የሚይዘው ባንድ 4ን እና ባንድ 17ን ብቻ ነበር፤ ኤ1429 የሆነው ባንድ 3ን ይጨምራል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ በዓይን መለየት አይቻልም፤ ልዩነቱ ከጀርባ በደቃቅ ፊደል የተጻፈው ቁጥር ላይ ነው። ዛሬ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ተጨምሯል። ከአይፎን 14 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ካርድ ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት በኢሲም ብቻ ነው። ይህን ሳይነግር የሚሸጥ ነጋዴ «አላወቅኩም» ቢል አያምርበትም።

እዚህ ላይ «ዲኮድ ይደረጋል» የሚሉ አሉ። ዲኮድ ማድረግ የሚከፍተው ስልኩ ከአንድ ኩባንያ ሲም ጋር የታሰረበትን ቁልፍ ነው። ስልኩ ውስጥ ያልተሠራ ባንድ አይጨምርም። ቁልፍ መክፈትና በር መሥራት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ስልኩ ባንዱ እንደሌለው እያወቀ «ዲኮድ ላድርግልዎት፣ 4ጂው ይመጣል» ብሎ ሁለተኛ ክፍያ የሚቀበል ባለሙያ ያቺን ሴት ሁለት ጊዜ ዘረፋት።

«ችግሩ ማማው ነው» ለሚሉ

አንድ ተቃውሞ ሚዛን አለው። የአማራ ክልል የኔትወርክ ችግር ከስልክ ባንድ በላይ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። መብራት ይጠፋል፤ ጦርነት መሠረተ ልማት ጎድቷል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለወራት የሞባይል ዳታ በክልሉ ተቋርጦ ነበር፤ ያኔ የትኛውም ባንድ ማንንም አላዳነም። ያንን በስልክ ማሳበብ ነውር ነው።

ይሁን እንጂ ትልቁ ችግር ትንሹን አያጸድቅም። እንዲያውም ይሸፍነዋል። መብራት ሲመጣ፣ ማማ ሲጠገን፣ ዳታ ሲለቀቅ ያቺ ሴት ብቻ እዚያው «ኤች» ላይ ትቀራለች። ሁሉም ነገር «ኔትወርክ» በሚባል አንድ ጆንያ ሲከተት ተጠያቂው ይጠፋል። የማማው ጉድለት የኩባንያው ነው፤ የመቋረጡ ውሳኔ የመንግሥት ነው፤ የስልኩ ጉድለት የአስመጪውና የሻጩ ነው። ተጠያቂውን ለማወቅ በመጀመሪያ የስልኩን ባንድ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ «ሕዝቡ ይህ አይገባውም» የሚለው ነው። ይህ ንቀት ነው። ጤፍ ሲገዛ ማኛውን ከሰርገኛው የሚለይ ሕዝብ ነው። ወለቃ ላይ ሸክላ የሚገዛ ሰው እንኳ በጣቱ አንኳኩቶ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ የተሰነጠቀውን ያውቃል፤ ሸክላ ሠሪዋም አትከለክለውም። ስልክ ገዢ ግን የሚያንኳኳው ነገር አልተሰጠውም። «ባንድ 3 አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ጥያቄ «ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ?» ከሚለው አይከብድም። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ የመናገር ግዴታ ነው።

ኪሳራው የቅንጦት እንዳይመስልም። ቴሌብር በ*127# ስለሚሠራ በ2ጂም ገንዘብ መላክ ይቻላል። ነገር ግን ቱሪስት በኮሮና፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት በቀነሰበት ዘመን አንዲት ሸክላ ሠሪ ዕቃዋን ለገዢ የምታሳየው በፎቶና በቪዲዮ ነው። እስራኤል ያለ ልጇን ፊት የምታየውም በዚያው ስልክ ነው። ያንን ያጣች ሴት ያጣችው መዝናኛ አይደለም።

የሚያውቁት ዝም ብለዋል

ከሁሉም የሚያስቆጣው የኔትወርክ ኩባንያዎቹ መልሱን ማወቅ መቻላቸው ነው። እያንዳንዱ ስልክ 15 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር አለው፤ *#06# ሲደወል ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ 8 አሃዞች የስልኩን ዓይነትና ሞዴል ይናገራሉ፤ ሞዴሉ ከታወቀ ባንዱ ይታወቃል። ስልክ ኔትወርክ ሲያገኝ ይህን ቁጥር ለኔትወርኩ ይሰጣል። በተመሳሰለ ቁጥር የሚሠሩ አስመሳይ ስልኮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ትክክለኛ ቁጥር ላለው ሁሉ ግን መልሱ እዚያው ቁጥሩ ውስጥ አለ።

ይህ በአገሪቱ የማይቻል ነው እንዳይባል፣ ከዚህ በፊት ተችሏል። በ2010 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም የስልክ መለያ ቁጥር ምዝገባ ሥራ ላይ አውሎ፣ ያልተመዘገበ ስልክን ከኔትወርክ ያግድ ነበር። ቀረጥ ያልተከፈለበትን ስልክ ለይቶ ለማገድ የደረሰ ሥርዓት፣ ለገዢ «ይህ ስልክ የእኛን 4ጂ አይዝም» ብሎ ለመንገር እንዴት አቃተው? ለመቅጣት ያለው ዐይን ለማገልገል ሲሆን ለምን ይታወራል?

አውስትራሊያ በፈረንጆቹ 2024 3ጂን ስትዘጋ ደንበኞች በስልካቸው «3» ብለው ወደ 3498 ይልኩ ነበር፤ ስልካቸው ከመዘጋቱ በኋላ ይሠራ እንደሆነ በመልእክት ይመለስላቸው ነበር። ያንን ለመሥራት አዲስ ማማ አላስፈለገም። የጥቅል ማስታወቂያ በየቀኑ የሚልክ ኩባንያ አንድ ጠቃሚ መልእክት መላክ አያቅተውም።

ሕጉም የለም አይባልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም ዘርፉን ይቆጣጠራል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የአገሪቱ ኔትወርክ ሁለት ሆኗል፤ ገዢው «4ጂ ነው» ሲባል «የማንኛው?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ግራ መጋባቱ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ነው። አንደኛ፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ ስልክ ሲሸጥ የሚይዛቸው ባንዶች በአማርኛና በሌሎች የአገር ቋንቋዎች ተጽፈው ከደረሰኙ ጋር ይሰጡ። ባንዱ ተደብቆ የተሸጠ ስልክ ገንዘቡ ይመለስ። ሁለተኛ፣ ኩባንያዎቹ በየከተማውና በየወረዳው የሚጠቀሙባቸውን ባንዶች በግልጽ ያውጡ። ሦስተኛ፣ ገዢ ብሩን ከመክፈሉ በፊት የስልኩን 8 አሃዝ ወደ አጭር ቁጥር በነፃ ልኮ «ይይዛል» ወይም «አይዝም» የሚል መልስ ያግኝ።

አንዱም ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሻጭ፣ ኩባንያና ተቆጣጣሪ ዝምታቸውን እንዲሰብሩ ብቻ ነው። ስልኩ የሚይዘው ባንድ ተሠርቶበታል፤ ኩባንያው ሊያውቀው ይችላል፤ ነጋዴው ሞዴል ቁጥሩን ገልብጦ ማየት ይችላል። ከሁሉም የማያውቀው የሚከፍለው ሰው ብቻ የሆነበት ገበያ፣ ገበያ ሳይሆን ወጥመድ ነው።