በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም

«በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም» የሚለውን አባባል ሳይሰማ ያደገ የደብረ ታቦር ልጅ ይኖራል ብለን አንገምትም። ታኅሣሥ 29 ቀን በፋርጣ፣ በጋይንትና በእስቴ ሜዳዎች ጎረምሶች በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ ጫፉ የተቆለመመ ዱላቸውን ጨብጠው ሩሯን ሲያሳድዱ፣ በጥንቱ ዘመን ጌታውም አሽከሩም አብረው ይጋፉ ነበር። የአሽከሩ ዱላ የጌታውን ቅልጥም ቢያገኘው እንኳ ቂም መያዝ ነውር ነው። ነገር ግን ይህ እኩልነት የአንድ ቀን ነው፤ በማግስቱ ጌታ ጌታ፣ አሽከርም አሽከር ሆኖ ይነጋል። ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ነገር ይህን ማግስት የሚመለከት ነው። ጨዋታው እንጀራ በሆነ ጊዜ ጌታው የተቆጣ እንደሆነ ተጫዋቹ ወዴት ይሄዳል?

በሰሜን አሜሪካ በበረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ የተባለ ጨዋታ አለ። የእኛን ገና ወስደን፣ በጉና ራስ ላይ ውርጭ በጋገረው ውሃ ላይ፣ ስለት ባለው ጫማ እየተንሸራተቱ የሚጫወቱት ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም። ተጫዋቾቹ ደመወዝተኞች ናቸው፤ ማኅበርም አላቸው። በመስከረም ወር 1997 ዓ.ም. የ30ዎቹ ክለቦች ባለቤቶች የደመወዝ ጣሪያ ይቆረጥ አሉ፤ የተጫዋቾቹ ማኅበር አይሆንም አለ። በዚህ ጊዜ ባለቤቶቹ በሩን ዘጉት። አንባቢ ልብ እንዲልልን የምንፈልገው፣ ይህ ሠራተኛው በፈቃዱ ሥራ የሚያቆምበት አድማ አለመሆኑን ነው፤ አሠሪው ራሱ ሥራውን የዘጋበት ነው። የአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸዋል።

ክርክሩ ሳይፈታ ቆይቶ በየካቲት ወር የዓመቱ ውድድር በሙሉ ተሰረዘ፤ ስታንሊ የተባለው ዝነኛ ዋንጫም በዚያ ዓመት ባለቤት አላገኘም። ከ300 የሚበልጡ ተጫዋቾች ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ውቅያኖሱን ተሻግረው በሩሲያ፣ በስዊድን፣ በፊንላንድ፣ በቼክና በስዊስ ክለቦች ገቡ። ጆ ቶርንተንና ሪክ ናሽ የተባሉት ሁለቱ በስዊስ ተራሮች ለሚገኘው ለዳቮስ ክለብ ተጫውተው የአገሩን ሻምፒዮና አብረው በሉ። በ2005 ዓ.ም. መስከረም በሩ እንደገና ሲዘጋም አሌክሳንደር ኦቬችኪን ወዳደገበት ወደ ዲናሞ ሞስኮ ተመለሰ። የዚህ የሁለተኛው ጠብ ስምምነት የተደረሰው በእኛ አቈጣጠር በገና ዋዜማ ሲሆን ጨዋታው የተጀመረው በጥምቀት ዕለት ነበር። አጋጣሚው ለእኛ ሰው ያስደንቃል።

እንዲህ ያለውን ተጓዥ ከዳተኛ ለማለት የሚቸኩል አይጠፋም። እኛ በዚህ አንስማማም። የተጫዋች የሥራ ዘመን አጭር ነው፤ እንደ ገበሬው የዘር ወቅት ካለፈ አይመለስም። በሩን የዘጋ ሰው፣ በውጭ ያስቀረው ሰው ሌላ በር በማንኳኳቱ ሊቆጣ አይገባውም። ይሁንና የነገሩን ሌላ ገጽ ብንሸሽግ ፍርዳችን ጎደሎ ይሆናል። ከባሕር ማዶ የመጣው ዝነኛ ሰው የያዘው ቦታ ባዶ አልነበረም፤ የአገሩ ልጅ ይጠብቀው የነበረ ቦታ ነው። ከሁሉ የባሰው ደግሞ በስታዲየሙ ትኬት የሚቈርጠው፣ ወንበር የሚጠርገውና ምግብ የሚሸጠው ሰው ዕጣ ነው። ባለሙያው መውጫ በር አለው፤ ይህ ሰው ግን የለውም። በጌቶችና በዝነኞች ጠብ መካከል መጀመሪያ የሚራበው እርሱ ነው።

ምሳሌ ፍለጋ ባሕር ማዶ መቅረት አያሻንም። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለች። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓን የእጅ ጥበብ ወደ አገራችን ለማምጣት ብርቱ ምኞት ስለ ነበራቸው፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርንና ባልንጀሮቹን በዚያ አስቀመጧቸው። ሽልማትና ክብር አልጎደለባቸውም፤ በአገሩም ትዳር የያዙ ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ከተጣሉ በኋላ ግን እንግዶቹ እንደ ልባቸው የሚሄዱበት መንገድ ተዘጋ። 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የተባለው ሴባስቶፖል መድፍ ተሠራ፤ በስንት ጉልበትና ላብ ተጎትቶም መቅደላ ወጣ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በወደቀች ጊዜ ባለሙያዎቹ ነፃ ሆነው ወጡ፤ የጋፋትም መዶሻ ዝም አለ። ከዚህ የምንማረው ባለሙያን በር ዘግቶ ማሠራት ቢቻል እንኳ፣ ሙያውን በአገር ላይ ማጽናት እንደማይቻል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ጨዋታ እንምጣ። በጥር 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ከ31 ዓመት በኋላ በአፍሪካ ዋንጫ ላይ በተሰለፈ ጊዜ የሕዝቡን ደስታ ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ ትውልድ ሳላዲን ሰዒድና ሽመልስ በቀለ በግብፅ፣ ጌታነህ ከበደ በደቡብ አፍሪካ ክለቦች ተጫውተዋል። እነርሱ የሄዱት በጠብ አይደለም፤ ሙያቸውን ብለው ነው፤ አገራቸውም በሄዱበት ተጠርታለች። በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ደግሞ በአገር ውስጥ የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ብዙዎቹ ክለቦቻችን የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ስለ ሆነ፣ የሕዝብን ገንዘብ መቈጠብ ተገቢ ነው። ጣሪያ መቁረጥን በራሱ አንነቅፍም።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጣሪያው ሲቆረጥ፣ ከጣሪያው በታች የሚያድረው ሰው ወንበር ተሰጥቶት ነበርን? በሰሜን አሜሪካ ያን ያህል የተጣሉበት ጣሪያ በመጨረሻው በ1997 ዓ.ም. ክረምት ጸድቋል። ነገር ግን ስምምነቱ ለአንድ ክለብ 39 ሚሊዮን ዶላር ጣሪያ ሲያበጅ፣ ለትንሹ ተጫዋች ደግሞ 450,000 ዶላር ወለል አበጀለት፤ ከገቢውም 54 በመቶው ለተጫዋቾቹ እንዲደርስ ቈረጠ። ተጫዋቾቹም በማኅበራቸው በኩል ድምፅ ሰጥተው ተቀበሉት። ወለል የሌለው ጣሪያ ግን ቤት አይባልም፤ ሰው ከሥሩ አያድርም። በግልጽ በር ባይወጣ በስውር መስኮት ይወጣል።

ይህን ጽሑፍ ለምታነብቡ ወጣት ሹማምንት የምንለው እንግዲህ ይህ ነው። ነገ በክለብ ቦርድ፣ በሆስፒታል ወይም በትምህርት ቤት ጉዳይ ላይ ውል ትፈርማላችሁ። ከደቡብ ጎንደር ደጋ ወጥቶ የሚሄደው መምህርና ሐኪም ጉዳይም ከተጫዋቹ የራቀ አይደለም። ስለ አገር ፍቅር ከመስበካችሁ በፊት ደመወዙ በቀኑ መከፈሉን፣ ቃላችሁም መጠበቁን መርምሩ። ለእናንተም፣ በደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሆነ በሌላ ስፍራ ሙያ ለምትማሩት፣ የምንለው አለን። በሩ ሲዘጋባችሁ መሄድ መብታችሁ ነው፤ ውላችሁን አፍርሳችሁ አትሂዱ፤ መውጫ በር የሌለውንም ባልደረባችሁን አትርሱ።

አባቶቻችን በገና ዕለት ጌታ እንዳይቆጣ ደንብ ያወጡት ጨዋታው እንዳይፈርስ ብለው ነው። እኛ ደግሞ ይህ ደንብ በማግስቱም እንዲሠራ ውል እንጻፍ፤ የጻፍነውንም እንጠብቅ።