ልጆች ያሉት ፖስተሩ ላይ ብቻ ነው

የእንቁጣጣሽ ባዛር ፖስተር በየዓመቱ አንድ ነው። የሐበሻ ቀሚስ የለበሰች፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ሕፃን፣ አደይ አበባ፣ ከሥሩ ደግሞ «መላ ቤተሰብዎን ይዘው ይምጡ»። እኔም አምኜ መላ ቤተሰቤን ይዤ ሄድኩ፦ ባለቤቴን፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጄንና የሁለት ዓመት ወንድሟን።

በር ላይ ለአራታችንም ክፈሉ ተባልን። «የሁለት ዓመት ልጅም ይከፍላል?» ስለው ቲኬት ቆራጩ «ሰው አይደለም እንዴ?» አለኝ። ልክ ነው። ከበሩ ካለፍን በኋላ ግን ሰው መሆኑን ያስታወሰ አልተገኘም።

መዝለያው ለብቻው ይከፈልበታል፣ ፊት ላይ ቢራቢሮ ማሳሉም እንዲሁ። ይሁን፤ ነጋዴ ሊነግድ ነው የመጣው፣ በዚህ አልጣላም። የምጣላው ማንም በማይሸጠው ነገር ነው። ዳይፐር መቀየሪያ አጥተን ባለቤቴ ከፍራሽ ሻጮች ድንኳን ጀርባ ተንበርክካ ቀየረችለት። የሽንት ቤቱ ሰልፍ የታክሲ ሰልፍ ያስንቃል፤ የአምስት ዓመት ልጅ ደግሞ ሰልፍ አትጠብቅም። አረፍ የሚባልበት አንድ አግዳሚ ወንበር የለም። ሞንታርቦው ሲጮህ ትንሹ ልጄ ሁለት ጆሮውን ይዞ አንገቴ ሥር ተወሸቀ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ለእንዲህ ያሉ ዝግጅቶች ባወጣው መመዘኛ የድምፁ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ፣ ጆሮ የሚያርፍበት ጸጥ ያለ ቦታም እንዲኖር ይላል። እኛ ጋ ጸጥ ያለው ቦታ መንገድ ዳር ነበር።

ከዚያ ልጄ ጠፋች።

ፈንዲሻ ስከፍል እጇን ለቀቅኩ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልክድም። ወደ መድረኩ ሮጬ ስሟን በማይክ እንዲጠሩልኝ ለመንኩ። አስተባባሪው «ወንድም፣ ስፖንሰር ላይ ነን፣ አምስት ደቂቃ ታገሠኝ» አለኝ። አምስት ደቂቃ! የምግብ ዘይት ማስታወቂያ እስኪያልቅ ልጄን ልታገሥ። የጠፋ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ የት እንደሆነ ጥበቃውን ብጠይቀው እሱም እኔን መልሶ ጠየቀኝ። ያገኘቻት ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ እናት ናት። ዱካ ላይ አስቀምጣ ቆሎ ታበላታለች። «እሷ አላለቀሰችም፣ አንተ ነህ የምታለቅሰው» ብላ ሳቀችብኝ።

ይህን ለወዳጆቼ ስነግር የሰማሁት መልስ ነው ዛሬ ያስጻፈኝ፦ «ታዲያ ልጆችህን ቤት አታስቀምጥም ነበር?»

ቤት የት? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ባለ አንድ መኝታ? ግቢው የመኪና ማቆሚያ ከሆነ ቆየ። ደግሞስ በዓሉ የማን ነው? በቡሄ በየደጁ ዞረው ሙልሙል የሚሰበስቡት እነማን ናቸው? ለእንቁጣጣሽ አበባ የሳሉበትን ወረቀት ይዘው የሚዞሩት፣ አበባዮሽ የሚሉት? እኛ አዋቂዎቹ የምናውቀው የበግ ዋጋ ነው። ባለቤቶቹን ቤት ቆልፈን ለማን ልናከብር ነው?

ደግሞ አይቻልም አትበሉኝ። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረውን «መንገድ ለሰው» አስታውሱ። በወሩ የመጨረሻ እሑድ መንገዱ ለመኪና ተዘጋ፣ በቃ። ልጆች አስፋልት ላይ ኳስ ተጫወቱ፣ በስኬት ተንሸራተቱ። የመግቢያ ክፍያም አላስፈለገውም። ልጄ የመጀመሪያ ብስክሌቷን የነዳችው ለወትሮው ለመሻገር እንኳ በምፈራው መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለነጋዴው ሳይሆን ፈቃድ ለሚሰጠው አካል ነው። «ቤተሰብ» የሚል ቃል ፖስተር ላይ የጻፈ አዘጋጅ የጠፋ ልጅ የሚቀበል ሰው በሚታይ ቦታ ካላቆመ፣ ለሕፃናት የተለየ ሽንት ቤትና መቀየሪያ ካላዘጋጀ፣ ልጅ ጠፋ ሲባል ማይኩን በዚያችው ደቂቃ ካልለቀቀ ፈቃድ አይሰጠው። ወጪው ለአንድ ዘፋኝ ከሚከፍለው አይበልጥም። ካልቻለ ቃሉን ከፖስተሩ ይፋቀው፤ ፍራሽና ብርድ ልብስ ልግዛ ብዬ ብቻዬን እሄዳለሁ።

ልጄ ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ እስከ ዛሬ የምታወራው ስለ ቆሎው ነው።