ከቀላድ እስከ ሳተላይት፦ የማሳው ስፋት ስንት ነው?

በገጠሩ ኢትዮጵያ ከሚነሡት ክርክሮች መካከል የድንበር ክርክርን ያህል ዕድሜው የረዘመ፣ ዋጋውም የከበደ ጥቂት ነው። አንድ የድንበር ድንጋይ ጥቂት እርምጃ ወዲህ ወይም ወዲያ ነው በመባሉ ጎረቤታሞች ይቋሰላሉ፤ ወንድማማቾች ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ይንከራተታሉ፤ አልፎ አልፎም ሕይወት ይጠፋል። ይህን ጉዳይ ብዙዎቻችን ለሕግ ባለሙያና ለአገር ሽማግሌ እንተወዋለን። በዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩ በከፊል የፊዚክስ ጉዳይ መሆኑንና የሳይንስ ተማሪዎችም ድርሻ እንዳላቸው ለማሳየት እንሞክራለን። ለምሳሌነት የመረጥነው አሰላንና በጭላሎ ተራራ ዙሪያ ያለውን የአርሲ ደጋ ነው።

ምርጫችን ያለ ምክንያት አይደለም። አርሲ የመሬት ሥርዓት በተለወጠ ቁጥር የሰው ዕድል አብሮ ሲለወጥ ያየ አገር ነው። ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል መሬት በቀላድ ተለካ። ቀላድ የመለኪያ ጠፍር ሲሆን፣ በእርሱ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠር ነበር። አንድ ጋሻ በተለምዶ 40 ሄክታር ገደማ ይባል እንጂ፣ መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍ ወይም ጠፍ እንደ መሆኑ ስፋቱ ይለያይ ነበር። ከዚያም ወዲህ ብዙው ገበሬ በገዛ ቀዬው ጭሰኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አሰላ ላይ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ለአነስተኛው ገበሬ አቀረበ፤ ምርትም ጨመረ። ነገር ግን እርሻ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለመሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን አፈናቀሉ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት አድርጎ ጭሰኝነትን ሻረ፤ አንድ ቤተሰብ የሚይዘውም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጎ፣ አርሶ አደሩ ከመሬቱ ያለመነቀል መብት እንዲኖረው አደረገ።

መብት ግን ወሰኑ ካልታወቀ በወረቀት ላይ ይቀራል። በመሆኑም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በኦሮሚያ የመጀመሪያ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ጀመረ። ልኬቱ በአብዛኛው በገመድ ነበር፤ ምስክሮቹም ጎረቤቶችና የቀበሌ ኮሚቴዎች ነበሩ፤ ካርታ አልነበረውም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 456 በባህላዊም ሆነ በዘመናዊ መሣሪያ መለካትን ፈቀደ፤ የጋራ ይዞታ ደብተር በባለይዞታዎቹ ሁሉ ስም እንዲዘጋጅም አዘዘ። ይህ ለሚስቶች መብት ትልቅ እርምጃ ነበር። ያ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1324 ተተክቷል። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ገመዱ ቦታውን ለሳተላይት መሣሪያና ለአየር ፎቶግራፍ ለቀቀ። ጥያቄያችን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ አንድ ማሳ በገመድም በሳተላይትም ቢለካ ውጤቱ አንድ ይሆናልን?

አይሆንም። በመጀመሪያ ተዳፋቱን እንመልከት። የአርሲ ደጋ ሜዳ ብቻ አይደለም። ወርዱ 50 ሜትር፣ ቁልቁል የሚወርደው ርዝመቱ 100 ሜትር የሆነ ማሳ በገመድ ሲለካ 5,000 ካሬ ሜትር፣ ማለትም ግማሽ ሄክታር ነው። ተዳፋቱ 20 ዲግሪ ቢሆን ግን ካርታው የሚያሳየው አግድም ርቀትን ነውና፣ 100 ሜትሩ በኮሳይን 20 ተባዝቶ 94 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስፋቱም ወደ 4,700 ካሬ ሜትር ይወርዳል። ማንም ድንበር አልገፋም፤ ማንም አልሰረቀም። ነገር ግን ባለይዞታው አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ጋር ሲያነጻጽር 300 ካሬ ሜትር እንደ ተወሰደበት ቢያምን ሊፈረድበት አይገባም፤ ያስረዳው የለምና።

ሁለተኛው ጉዳይ የመሣሪያው ስሕተት ነው። የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆነው የሰዓት ምልክት ይልካሉ። ብርሃን በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ጥቃቅን የጊዜ ስሕተት በምድር ላይ የሜትር ስሕተት ይሆናል። የአንስታይን አንጻራዊነት እንደሚያስረዳው የሳተላይቶቹ ሰዓቶች ከምድር ሰዓቶች በቀን 38 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ይቀድማሉ፤ ይህ ባይታረም ስሕተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፍ ነበር። ይህ ሁሉ ታርሞም በእጅ የሚያዝ ተራ መሣሪያ በገላጣ ሰማይ ሥር ጥቂት ሜትር ይስታል። በድንበር ላይ የተተከለ የባሕር ዛፍ ረድፍ ምልክቱን ሲጋርደውና ሲያንጸባርቀው ደግሞ ስሕተቱ ይብሳል። ከስሕተቱ ከፊሉ የማሳውን ማዕዘኖች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ስለሚያንሸራትት ስፋቱን አይለውጥም፤ ቀሪው ግን ይለውጣል። በውርስ ተከፋፍሎ የጠበበ፣ ወርዱ 20 ርዝመቱ 250 ሜትር የሆነ ማሳ እንውሰድ። ረጅሙ ድንበር በ3 ሜትር ቢሳት 750 ካሬ ሜትር ይጠፋል ወይም ይጨመራል፤ ይህም የማሳው 15 በመቶ ነው። ካርታም ቢሆን ከስሕተት ነጻ አይደለም። በ1፡2000 ስኬል በተዘጋጀ ካርታ ላይ በግማሽ ሚሊ ሜትር ብዕር የተሰመረ መስመር በምድር ላይ 1 ሜትር ወርድ አለው።

ይህን የምንለው አዲሱን ምዝገባ ለማጣጣል አይደለም። ካርታ ያለው ደብተር ካርታ ከሌለው ይሻላል፤ በታወቀ ቦታ ላይ የቆመ የማጣቀሻ ጣቢያ የጋራ ስሕተቱን ሲቀንስለትም መሣሪያው እስከ ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። የምንቃወመው ቁጥርን ያለ ስሕተት መጠኑ እንደ ፍጹም እውነት መቀበልን ነው። በቤተ ሙከራ አንድ ተማሪ የስሕተት መጠን ያልያዘ ውጤት ቢያቀርብ ነጥብ እንቀንስበታለን። አንድ ቤተሰብ ኑሮውን የመሠረተበት ቁጥር ከዚያ ያነሰ ጥንቃቄ የሚገባው አይደለም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 ከይዞታው ለዘለቄታው ለሚነሣ አርሶ አደር ዓመታዊ ገቢውን በ15 ያባዛል። ገቢው የሚሰላው ከማሳው ስፋት ተነሥቶ ሲሆን የልኬቱ ስሕተትም አብሮ ይባዛል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እንላለን። በደብተሩ ላይ ከስፋቱ ቁጥር አጠገብ የስሕተቱ መጠንና የአለካኩ ስልት ይጻፍ። ካርታው ለሕዝብ አስተያየት በሚቀርብበት ዕለት የተዳፋቱ ነገር በአርሶ አደሩ ቋንቋ፣ በገመድና በእንጨት ጭምር እየታየ ይገለጽ። የድንበር ድንጋዩና የጎረቤት ምስክርነቱም ይጠበቁ። ሳተላይቱ ድንበሩን ይመዘግባል እንጂ አይፈጥረውም፤ ድንበሩን የፈጠረው የጎረቤታሞች ስምምነት ነው። ሽማግሌዎች፣ በአርሲ አነጋገር ጃርሳ ቢያ፣ ዛፉንና ጅረቱን ጠቅሰው የሚሰጡት ቃል መሣሪያ በሳተበት ቦታ መመለሻ ይሆናል።

የስሕተትን ነገር ለገበሬው መንገር ክርክር ያበዛል የሚሉ አሉ። እኛ ግን ተቃራኒው ይመስለናል። ሁለት ሰዎች በ2 ሜትር ሲካሰሱ መሣሪያው 2 ሜትርን መለየት እንደማይችል ቢያውቁ፣ የካርታው ቁጥር የማንኛቸውም ምስክር እንዳልሆነ ይረዳሉ፤ ወደ ድንጋዩና ወደ ሽማግሌው ይመለሳሉ። ክርክርን የሚያበዛው ዛሬ ፍጹም ነው የተባለ ቁጥር ነገ ሌላ ሆኖ ሲገኝ ነው።

ለተማሪዎቻችን የምንተወው ሥራም አለ። በአካባቢያችሁ አንድ ማሳ ምረጡ፤ ባለቤቱን አስፈቅዱ፤ በገመድ፣ በእርምጃና በስልካችሁ ጂ.ፒ.ኤስ. በተለያየ ቀን ደጋግማችሁ ለኩ፤ አማካዩንና ልዩነቱን አስሉ፤ ውጤቱንም ለባለማሳው አስረዱ። ስለ ልኬት ስሕተት በመማሪያ መጽሐፍ ያነበባችሁት ምዕራፍ ያን ጊዜ ለፈተና ብቻ የሚጠና አይሆንም።