የጓሮአችን ክርክር

በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ወጥ አሠራርና ስለ ቤት ጽዳት ብዙ ቁም ነገር ይነገራል። እኔ ግን ዛሬ በጎንደር ከተማ ከቤቴ በስተ ኋላ ባለችው ጠባብ ጓሮ፥ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስ ስለ ሆነው ነገር ልጽፍላችሁ አስቤአለሁ። ሥራዬ የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ክርክር ስጽፍ እውላለሁ፤ ማታ ወደ ቤቴ ስገባ ደግሞ ሌላ ክርክር ይጠብቀኝ ነበር። ከሳሽዋ ባለቤቴ ነበረች፤ ተከሳሾቹ ስድስት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ነበሩ፤ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጄ ደግሞ ዋስም ጠበቃም ሆና ትቆምላቸው ነበር።

የክሱ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ጓሮአችን ከግንቡ ሥር እስከ ማድ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ቢለካ ከሃያ እርምጃ አይበልጥም። በእርሱም ውስጥ አራት መደብ ጎመን፥ ሁለት መደብ ድንች፥ ጥቂት ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት፥ በግንቡ ላይ የተንጠላጠለ ዱባ፥ በበሩ አጠገብ ጤና አዳምና በሶብላ፥ በማዕዘኑም አንድ ጌሾ አለ። ክረምቱ አልፎ አደይ አበባ ሲፈነዳ አፈሩ ለስልሶ ትል ይሞላበታልና ዶሮዎቹ ከማለዳ ጀምረው ይጭራሉ። መጫር ለእነርሱ እንጀራቸው ነው፤ ለባለቤቴ ግን ትናንት የተከለችው የጎመን ችግኝ ዛሬ ሥሩ ወደ ላይ ተገልብጦ መገኘቱ ነው።

እኔም እንደ ልማዴ ሕግ ጠቀስሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ ነው ይላል፤ እንስሳው ሳይታሰብ ከእጁ ያመለጠው ቢሆን እንኳ አይድንም። ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ ግን ባለቤቱ እንስሳውን ለተጎዳው ሰው በመልቀቅ ከኀላፊነት የሚወጣበት መንገድ ተጽፎአል። ይህን ሁለተኛውን ቃል ባነበብሁ ጊዜ ባለቤቴ ፈገግ ብላ «እንግዲያውስ ይልቀቁልኝ፤ ቢላዋውም የተሳለ ነው» አለች። ልጄም ከመካከላቸው አንዲቱን አቅፋ ወደ ውስጥ ሮጠች።

ያቺ ዶሮ ገብስማ ነበረች፤ በራስዋም ላይ ጉትያ ነበራት። ልጄ «እመይቴ» ብላ ስም አውጥታላታለች፤ ስትራመድ ቀሚስዋን ሰብስባ ጭቃ እንደምትሻገር ወይዘሮ ነበረችና። ከጎታው ሥር ባለው ቅርጫት እንጂ በሌላ ስፍራ አትጥልም፤ ልጄ ከትምህርት ቤት የምትመለስበትን ሰዓት ዐውቃ በደጅ ትጠብቃለች፤ ከእጅዋም ላይ ቆሎ ትለቅማለች። የአገራችን ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 የሚሆን እንቁላል ብቻ ስለምትጥል፥ ሁለት መቶና ከዚያም በላይ ከሚጥሉት ከውጭ አገር ዘሮች ጋር ሊወዳደር አይችልም። ይህን ለልጄ በነገርኋት ጊዜ «እነዚያ ግን ሰው ይጠብቃሉን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ የምመልሰው አላገኘሁም።

ክርክሩ ሲረዝም፥ ለመሆኑ በዚህ ጓሮ ባለ ርስቱ ማን ነው ብዬ ማሰብ ጀመርሁ። ዶሮ ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ዱር ወጥታ ዓለምን የዞረች እንግዳ ናት፤ ነገር ግን በትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ ከአክሱም መንግሥት በፊት ከነበረ መንደር ፍርስራሽ ውስጥ የዶሮ አጥንት ተቈፍሮ ስለ ተገኘ፥ በአገራችን ከ2500 ዓመት በላይ እንደ ኖረች ሊቃውንት መስክረዋል። ቃሪያ ከአሜሪካ ምድር የወጣው ኮሎምቦስ በ1492 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ባሕሩን ከተሻገረ ወዲህ ነው። ድንችማ የትናንት ሰው ነው፤ በ1850ዎቹ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ እንዳስገባው ይነገራል። ከሁሉ ይልቅ የአገሩ ልጅ፥ ከዚሁ ከደጋችን የበቀለው የሐበሻ ጎመን ነው። ይህን ለባለቤቴ በነገርኋት ጊዜ እጅግ ደስ አላት፤ እኔም የከሳሽን ወገን እንዳጠነከርሁ ያወቅሁት ከተናገርሁ በኋላ ነው።

በመጨረሻ በዕርቅ ተስማማን። በችግኙ መደብ ላይ የቀጋ እሾህ ተደረገበት፤ ዶሮዎቹም ፀሓይ ልትጠልቅ አንድ ሰዓት ሲቀራት ብቻ እንዲለቀቁ ተወሰነ። በዚያች በአንዲት ሰዓት የሚጎዱት ትንሽ፥ የሚለቅሙት ትል ግን ብዙ ነው። ይህን ለማድረግ የሚሻ አንባቢ ቢኖር የቀጋው እሾህ ሲደርቅ እንዲለውጠው እመክረዋለሁ፤ ዶሮ የደረቀ ቅርንጫፍ በሁለት ቀን ውስጥ መንገድ ታወጣለታለች።

ወደ ዋናው ነገሬ ልመለስ። በነሐሴ ወር መጨረሻ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ወደ ሰፈራችን መጥቶ ነበር። የፈንግል መከላከያ ለዶሮ የሚሰጠው አንድ ጠብታ በዓይንዋ ላይ በማንጠብ ነው፤ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃና ከተከፈተ በኋላ የማይቈይ ስለ ሆነ፥ ጎረቤት ሁሉ በአንድ ቀን ዶሮውን ይዞ መገናኘት አለበት። ያን ቀን እኔ የቆየ መዝገብ አጣርቼ ለማስረከብ ቸኵዬ ነበርና «ለሚመጣው ጊዜ ይሁን» ብዬ ወደ ሥራዬ ሄድሁ። ጎረቤታችን እማሆይ ግን፥ ፊደል ሳይቈጥሩ ያረጁ ሴት ሲሆኑ፥ ሦስቱን ዶሮዎቻቸውን በእንቅብ ይዘው ተሰልፈው አስጠብተው ተመለሱ። እኔ በዜማ ቤትና በቅኔ ቤት ያለፍሁ፥ ከዚያም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስለ ተዋሲያን የተማርሁ ሰው ነኝ።

ከመስቀል በዓል በፊት በዋለው ቅዳሜ ወደ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ዶሮ ገዛሁ። የበዓል ገበያ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ከደንቢያም ከወገራም የመጣው ዶሮ እግሩ ታስሮ እርስ በርሱ ተደራርቦ ይውላል። አንዲቱ ለበዓሉ ታረደች፤ ሁለተኛይቱን ከእኛዎቹ ጋር በአንድ ቆጥ ላይ አሳደርኋት። በአምስተኛው ቀን ያቺ የተገዛችው ዶሮ ክንፍዋን ጥላ ቆመች፤ ኵስዋም እንደ ቅጠል አረንጓዴ ሆነ። በማግሥቱ ሁለት ደገሙ፤ አፋቸውን ከፍተው እንደሚያቃስት ሰው ይተነፍሱ ጀመር፤ አንዱም አንገቱ ወደ ኋላ ተጠማዘዘ።

ይህ በሽታ እኛ ፈንግል የምንለው፥ ሐኪሞች ግን ኒውካስል የሚሉት ነው። ስሙን ያገኘው በ1926 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በታየበት በእንግሊዝ አገር ከተማ ነው፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቶአል። ከያዘ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ የሚረዳው አስቀድሞ የሚሰጠው መከላከያ ብቻ ነው። ይህንም መከላከያ በቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት በአገራችን ይሠራዋል። እንግዲህ መድኃኒቱ ከሩቅ አገር የሚመጣ ሆኖ አልጠፋብኝም፤ ከደጄ ድረስ መጥቶ እኔ ነኝ የመለስሁት።

በዚያ ቀን አንድ ዘመዳችን ሊጠይቀን መጥቶ ሳለ ነገሩን አይቶ እንዲህ አለ፤ «አራቱ ገና ደኅና ናቸው። ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሳይታወቅባቸው ይሸጡ። ገንዘብህን ለምን ታጣለህ?» የተናገረው በክፋት አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ የሚደረገውን ነው። እኔም፥ ሳልደብቅ ልናገርና፥ ወዲያው እምቢ አላልሁም። ወቅቱ የልጆች ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ነው፤ የአራት ዶሮ ዋጋ ለጸሓፊ ቤት ቀላል አይደለም። ዝም ብዬ ሳሰላስል ልጄ ከበሩ ሥር ተቀምጣ ኖሮ ቀና ብላ «አባዬ፥ ያቺን ዶሮ የሸጠልን ሰውዬ መታመምዋን ያውቅ ነበር?» ስትል ጠየቀችኝ።

ያ ሻጭ ያውቅ እንደ ነበረ ወይም እንዳላወቀ ልፈርድበት አልችልም፤ ምስክር የለኝም። እኔ ግን ነገ በእርሱ ስፍራ ብቆም ዐውቄ የምቆም መሆኔ ግልጥ ነበር። ዶሮዎቹም አልተሸጡም። አርደንም አልበላን፤ ላባውና የሆድ ዕቃው በተጣለበት ሁሉ በሽታውን ይዘራልና። የሞቱትን በጓሮው ጫፍ ጥልቅ ጕድጓድ ቈፍሬ ኖራ አድርጌ ቀበርኋቸው። እስከ መስከረም 29 ቀን ድረስ ሰባቱም አለቁ፤ እመይቴ የመጨረሻይቱ ነበረች። ልጄ አላለቀሰችም። ከጎታው ሥር ያለውን ቅርጫት አውጥታ ገለባውን አራገፈችና ባዶውን መልሳ በስፍራው አኖረችው። ለቅሶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

የጠብታውን ነገር ሳልነግራት ሦስት ቀን ቈየሁ። በአራተኛው ቀን ማታ ጠርቼ፥ በነሐሴ አስጠብቼአቸው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ይድኑ እንደ ነበረና ጥፋቱ የእኔ እንደ ሆነ ነገርኋት። እርስዋም ዝቅ ባለ ድምፅ «እማሆይ ነግረውኛል» አለች። እንግዲህ ሦስቱን ቀን ሁሉ ዐውቃ እኔ እስክናገር ትጠብቅ ኖሮአል።

ጥቅምት እንዲህ ሆኖ ገባ። ከሳሽ ያለ ተከሳሽ ቀረች። የቀጋው እሾህ ተነሣ፤ ጎመኑ ሳይነካ ቀጥ ብሎ አደገ፤ ባለቤቴም ለአንድ ሳምንት ያህል ደስ ያላት ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ በቅጠሎቹ ሥር አባጨጓሬ ታየ፤ በቅሎ ያማረው ጎመን በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ወንፊት ተበሳሳ። ማለዳ ተነሥታ በእጅዋ ስትለቅም ባየኋት ጊዜ ወገብዋን ይዛ ቀና አለችና «ይህን ሥራ ያለ ደመወዝ ይሠሩልን ኖሮአል» አለች። ጥቂት ቈይታም «ጓሮው ዝም አለ፤ ዝምታው ደስ አይልም» ብላ ጨመረች። እኔ ይህን ቃል ክስዋን እንዳነሣች ቈጥሬ በልቤ መዝገቡን ዘጋሁት።

አሁን ወደ ኋላ መለስ ብዬ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በመስከረም መጀመሪያ፥ በሽታው ሳይገባ፥ የእማሆይ ዶሮ ልትታቀፍ ተዘጋጅታ ሳለች የራስዋ እንቁላል ጥቂት ስለ ነበረ፥ ልጄ ከእመይቴ ቅርጫት አምስት እንቁላል ወስዳ ሰጥታቸው ነበር። እማሆይም መስከረም 12 ቀን አስታቀፏት። ዶሮ 21 ቀን ትታቀፋለችና ጥቅምት 3 ቀን ጫጩቶቹ ተፈለፈሉ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ወጡ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ የተፈለፈለ ጫጩት ከእርጥበትና ከብርድ ዝናም ይድናል፤ ሣርም እህልም የሚበስልበት ጊዜ ስለ ሆነ ምግብ አያጣም። የሚፈራው ጭልፊትና ሸለምጥማጥ ነው፤ እርሱንም በቀን የልጅ ዓይን፥ በሌሊት የተዘጋ በር ይከለክለዋል።

ልጄ በዚያው ቀን ልታመጣቸው ለምና ነበር። እኔ ግን ሁለተኛ ጊዜ መቸኰል አልፈለግሁም። ቆጡን አውርጄ እንጨቱን በፈላ ውሃ አጠብሁ፤ ግድግዳውን ኖራ ቀባሁ፤ የቆየውን ኵስ ወደ ጎመኑ መደብ መጣል ትቼ ከአፈር በታች ቀበርሁት። የቀረውን ገለባና ጥራጊ ደግሞ ኅዳር 12 ቀን አቃጠልነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ አያሌ ሕዝብ ከፈጀ ወዲህ በዚያ ቀን ቤትና ሰፈር ጠርጎ ጥራጊ ማጠን ልማድ ሆኖ እንደ ኖረ ታውቃላችሁ። ዘንድሮ በቤቴ ጢሱ ለሰውም ለዶሮም ወጣ።

በማግሥቱ ሦስቱ ጫጩቶች መጡ፤ እማሆይ እናቲቱን ጭምር ለአንድ ወር አውሰውናል። ጠብታቸውን አስቀድመው ወስደዋል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ ይደገማል፤ ቀኑንም በፍርድ ቤት ቀጠሮ በምጽፍበት ቀለም በግድግዳው ላይ ጽፌዋለሁ። ለገና የሚገዛ ዶሮ ቢኖር እስኪታረድ ድረስ ከቤቱ በስተ ፊት ታስሮ፥ የራሱ የውሃ ዕቃ ተሰጥቶት እንዲቈይ፥ ለማሳደግ የሚገዛም ቢሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ ተለይቶ እንዲታይ ባለቤቴ ደንግጋለች። የቀጋውም እሾህ ተመልሶአል፤ ትናንት ከሦስቱ አንዱ በሥሩ ሾልኮ ገብቶ የነጭ ሽንኵርቱን ቡቃያ ሲጭር ተገኝቶአልና።

ከጫጩቶቹ አንዲቱ ላባ ማውጣት ጀምራለች፤ ገብስማ ትመስላለች፤ ጉትያ ይኑራት አይኑራት ግን ገና አልለየም። ልጄ በየማታው በፋኖስ ታያታለች። ስም አላወጣችላትም።