«ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?» ሳይባል ዋጋ አይቆረጥ

ኮልፌ 18 ማዞሪያ ላይ ከታክሲ የወረደ ሰው ሰነድ ማስጻፍና ፎቶ ኮፒ ማስነሳት ቢፈልግ ብዙ አይራመድም። በእነዚህ የጽሕፈት አገልግሎት ቤቶች ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በሌላ እጅ አገልግሎ የመጣ ነው። ባለቤቱ ሲገዛው የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ኮር ስንት ነው? ራሙስ? የመጨረሻ ዋጋውስ? አሁን ግን ከሁሉም የሚቀድም ጥያቄ መጥቷል። ስንተኛ ጄኔሬሽን ነው?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደህንነት ክፍል ይጠይቃል። ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም ከጥቂቶች በስተቀር የሚቀበለው ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ፈጣን 6ኛ ጄኔሬሽን በሩ ላይ ሲመለስ፣ 4 ጊጋባይት ብቻ ያለው 8ኛ ጄኔሬሽን ይገባል።

ይህ ለውጥ የመጣው ነጋዴው አቅም ባጣበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ በባንክ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። «አሮጌውን ጥለህ አዲስ ግዛ» የሚለው ምክር ለጽሕፈት ቤቱ ባለቤት ምክር አይሆንም።

በዚህ መሐል «አልሸሹም ዞር አሉ» የሆነ መፍትሔ ገበያው ውስጥ ይሸጣል። ቴክኒሻኑ ፍተሻውን ዘሎ ዊንዶውስ 11 በ6ኛው ጄኔሬሽን ላይ ይጭናል። ማሽኑ ይሠራል። ይሁን እንጂ ማይክሮሶፍት እንዲህ ለተጫነበት ኮምፒዩተር ቀጣይ ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። ገዢው ይህን አውቆ በቅናሽ ቢገዛ ስምምነት ነው። ሳይነገረው በ8ኛው ዋጋ ቢሸጥለት ግን ማታለል ነው።

«ዊንዶውስ 10 ዛሬም ይከፈታል፣ ምን ቸገረኝ?» የሚል ይኖራል። ቀኑን ሙሉ የማያውቀውን ሰው ፍላሽ የሚሰካ ቤት ግን ይህን ማለት አይችልም። የደንበኞች የመታወቂያ፣ የካርታና የውል ቅጂ ያለው እዚያው ማሽን ላይ ነው። ድርጅቶች የተራዘመ ጥገና መግዛት ይችላሉ፤ ነገር ግን የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ በአንድ ኮምፒዩተር 61 ዶላር ሲሆን በየዓመቱ እጥፍ ይሆናል። ለአሮጌ ማሽን ይህን መክፈል አያዋጣም።

የሚያዋጣው ሥራን መከፋፈል ነው። ኢንተርኔትና የደንበኛ ፍላሽ የሚገባበት አንድ 8ኛ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ኮምፒዩተር ይኑር። አሮጌው ከኢንተርኔት ተለይቶ ለመተየቢያና ለነባሩ ፕሪንተር ይቅር። በተለይ ፕሪንተሩ 32 ቢት ድራይቨር ብቻ ካለው ዊንዶውስ 11 ላይ አይሠራምና አሮጌውን ማሽን መሸጥ ፕሪንተሩንም መጣል ነው። ለኢንተርኔት ብቻ የሚፈለግ አሮጌ ማሽን ደግሞ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስ ሊጫንበት ይችላል።

ገዢ ራሱን የሚጠብቅበት ዘዴም ቀላል ነው። የኮር አይ 5 ቁጥር 6500 ከሆነ 6ኛ፣ 8500 ከሆነ 8ኛ፣ 10400 ከሆነ 10ኛ ጄኔሬሽን ነው። ሻጭም ይጠንቀቅ፤ 8ኛ ጄኔሬሽን ሆኖ ዊንዶውስ 11 «አልቀበልም» ያለ ማሽን ቲፒኤሙ ባዮስ ውስጥ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሳያስፈትሹ በርካሽ መልቀቅ ኪሣራ ነው።

ያገለገለ ዕቃ መነገድ ነውር የለበትም። ነውሩ ዕድሜን መደበቅ ነው። ሻጩ ጄኔሬሽኑን ደረሰኙ ላይ ይጻፍ፤ ገዢውም ሳይጻፍለት ገንዘቡን አይቁጠር። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።